ለእናቴ የላክኩላት እንቁላል

እናቴን ሥጋ አበላኋት፤ እሷ ግን አታውቅም። ነገሩ ይኸው ነው፣ በል እንግዲህ ተኛ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ ፀሐይዋ ግን በጎን ሾልካ ገብታ ግንባሬ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ላይ ቤት ያለው ሰውዬ ደግሞ ዛሬም ግድግዳውን ይበሳል፣ ምን እንደሚሰቅልበት አንድዬ ይወቅ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲበሳ ያ ግድግዳ እንዴት ወንፊት አልሆነም? የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ሰው ሲነሳ እተኛለሁ፣ ማለቴ እጋደማለሁ፣ እንቅልፌንማ ጠዋት እህቴ በስልክ ይዛብኝ ሄዳለች። ታላቄ ናት፣ ስትደውል ሰላምታ አታውቅም። «እማዬ ደም አንሷታል» አለችኝ። «ሐኪሙ ሥጋ ብይ፣ ጉበት ብይ አላት። ምን እንዳለችው ታውቃለህ? ልጄ ይምጣና እበላለሁ አለችው! ትናንት ደረጃ ላይ ወደቀች። ሰማኸኝ? ወደቀች!» ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ አልኳት። ከዚያ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ብቻ ስልኩ ከተዘጋ ብዙ ቆይቼ ጫማዬን እንኳ እንዳላወለቅኩ አየሁ።

ሥጋ እምቢ ያለችን ሴት እንዴት ሥጋ ታበላታለህ? በከረሜላ። አትሳቅ፤ ያስቃል፣ ግን አትሳቅ። እናቴ ሥጋ ወዳጅ ናት፣ ወዳጅ ማለትም ያንሳታል፤ ሰርግ ስትጠራ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይሆን ምን እንደታረደ ነው፣ አጥንት ይዛ ስትግጥ ቤቱ ቢቃጠል ቀና አትልም። ወደ ውጭ አገር ልሄድ ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ስቆም፣ ይኸው ሰባት ዓመቱ፣ እጇን ወደ ላይ አንስታ «ይሄ ልጅ ተመልሶ በዚህ በር እስኪገባ የሥጋ ዘር ባፌ አይዞርም» ብላ ተሳለች። ደነገጥኩ። «እማ ምነው፣ ስኳር ብትተዪ አይሻልም?» አልኳት። «ስኳርማ ማንም ይተዋል። የማይከብደኝን ተስዬ ፈጣሪን ላታልለው እንዴ?» አለችኝ። እህቴ አለቀሰች፣ እኔ ሳቅኩ። ያኔ ሁለት ዓመት ቆይቼ የምመለስ ነበር የመሰለኝ፤ ሁለት ዓመት ሥጋ ባትበላ ምን ትሆናለች ብዬ፣ ወፈር ብላለች ደግሞ፣ ትንሽ ብትቀንስ ለጉልበቷም ጥሩ ነው ብዬ በልቤ ቀልጄ ነበር። አሁን ትናንት ደረጃ ላይ ወድቃለች። ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከላይኛው ይሁን ከታችኛው እንኳ አልጠየቅኩም፣ እንዲህ ያለ ልጅ ነኝ።

የምሠራበት ፋብሪካ ጣፋጭ ይሠራል፤ ጣፋጩ ግን ሁሉም ሌላ ነገር የሚመስል ነው፣ ከረሜላ ከረሜላ ከመሰለ እኛ ዘንድ እንደ ስንፍና ይቆጠራል። ጥርስ የሚመስል አለ፣ ትል የሚመስል አለ፣ አንዴማ ጆሮ ሠርተን ነበር፣ ከነጉትቻው። ይሄን ሁሉ የሚያስበው አንድ ሹም ነው፣ ሥራው አዲስ ነገር መፍጠር ብቻ ነው፣ እኔ በልቤ ጉዱ እለዋለሁ። የነጭ ሽንኩርት አይስክሬም ያመጣው ጉዱ ነው። ሾርባ ሾርባ የሚል ማስቲካ ያመጣው ጉዱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ካርቶን አጣፊ ነበርኩ፣ አንድ ቀን ከካርቶኔ መሀል ጠርቶኝ «እስቲ ቅመስልኝ» አለኝ። መቅመሻው ሽንት ቤት የምታህል ክፍል ናት፣ የምትበላውን ነገር ቀለም እንዳታይ ቀይ መብራት ይበራብሃል፣ ፊት ለፊትህ ትንሽ መስኮት አለች፣ በመስኮቷ አንዲት እጅ ብቻ ሳህን ይዛ ትመጣለች፣ የማን እንደሆነች አታይም። ከዚያ ወረቀት ይሰጡሃል፣ ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ፊት ተስሏል፣ የመጀመሪያው ያለቅሳል፣ ዘጠነኛው ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል፣ የተሰማህን ፊት ታከብባለህ። የቀረበልኝ የተጠበሰ እንቁላል የሚመስል ከረሜላ ነው፤ መምሰል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ጣዕሙም እንቁላል ነው፣ እንቁላል በስኳር፣ ከኋላው ሽንኩርት ይመጣል፣ ከሽንኩርቱ ኋላ ቁንዶ በርበሬ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዘጠነኛውን ፊት አከበብኩ።

ምን ላድርግ? የሰው እጅ ያቀረበው ነገር እኮ ነው! ያቺ እጅ ደክማለች፣ ሠርታለች፣ ከመስኮቷ ወዲያ ቆማ መልሴን ትጠብቃለች፣ በምን አንጀቴ ነው የሚያለቅስ ፊት የምልክላት? ሰው ቤት ሄደህ ጨው የበዛበት ወጥ ቢቀርብልህ «እጅሽ ይባረክ» ብለህ ድገመኝ ትላለህ እንጂ ወረቀት አውጥተህ ፊት ትስላለህ? እኔ እንደዚያ ነው ያደግኩት። ለካ ስምንት ሰው ቀምሶት ስምንቱም የሚያለቅሰውን ነበር ያከበቡት። ጉዱ የኔን ወረቀት እንደ ባንዲራ ይዞ እየሮጠ መጣ። «አንድ ሰው ከወደደው ገበያ አለው ማለት ነው!» አለ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ «እዚህ ቤት ምላስ ያለህ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። በሳምንቱ ቋሊማ የሚመስል አመጣልኝ፤ ዘጠኝ። የተጠበሰ ዳቦ የሚመስል፣ ያረረ ያረረ የሚል፤ ዘጠኝ። አፍሬ እኮ ነው፣ አንዴ ዘጠኝ ያልኩትን ሰውዬ እንዴት ብዬ አራት ልበለው? እንዲህ እንዲህ ብሎ በኔ ይሉኝታ የቁርስ ከረሜላ የሚባል ጉድ ተፈጠረ። ሱቆች ወሰዱት፣ በወሩ መለሱት። በካርቶን በካርቶን በር ላይ ተቆልሎ «ሠራተኛ የፈለገውን ያህል ይውሰድ» ተባለ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔ አሳዘነኝ። ሁለት መቶ ፍሬ ያለበትን አንዱን ካርቶን አገር ቤት ለምትሄድ ነርስ አሸክሜ ለእናቴ ላክኩላት። ትስቃለች ብዬ ነው። ሌላ ምንም ክፋት አልነበረኝም።

ሳቀችም። ወይ አሳሳቋ! ስልኩ ውስጥ እስኪያስላት ሳቀች። «አንተ፣ ይሄ እኮ እንቁላል ነው! ይሄኛው ደግሞ ምንድን ነው? ቋሊማ? ሥጋ የተውኩትን ሴትዮ ቋሊማ ትልክብኛለህ?» «እማ፣ መልኩ ነው እንጂ ከረሜላ ነው፣ ስኳር ነው።» «ሙት በለኛ!» «ልሙት!» አልኳት። ልሙት አልኩ። አላወቅኩም ነበር፣ እሺ፣ ግን ምን ቆርጦኝ ነው ያላወቅኩትን የምምለው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእራት በኋላ አንድ አንድ ትበላለች። ከረሜላ አትለውም፣ «እስቲ ሥጋዬን ልብላ» ትላለች አሉ፣ ሳህን ላይ አድርጋ፣ ሹካ ይዛ። ጎረቤት ሲመጣ አንዷን እንቁላል በቢላ ለአራት ትቆርሳለች፤ አንዷ ጎረቤታችን ቀምሳ «ጨው አንሶታል» ብላ ከቤቷ ጨው ይዛ መጥታለች። እህቴ ይሄን ስትነግረኝ ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። «ግን ይጣፍጥሻል እማ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እንዴታ! ልጄ የላከው ሊመረኝ ነው?» አለችኝ። እንደማይጣፍጥ አውቃለሁ፣ የቀመስኩት እኔ ነኝ። እሷም ዘጠነኛውን ፊት አከበበችልኝ፣ ይኸው ነው፣ ከማን ወረስኩት ታዲያ?

ሰውዬው መብሳቱን አቆመ። አሁን ደግሞ ይመታል። ተገላብጬ ተኛሁ፣ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፣ ትራሱ ስር የድስቱ ሴትዮ በሐሳቤ መጣች። ከካርቶን ማጠፍ ከረሜላው ወደሚፈላበት ወደ ድስቱ ክፍል ያዛወሩኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ድስቱ ሰው ይዋኝበታል። የድስቱ ሴትዮ ሃያ ዓመት እዚያው ክፍል ቆማ አርጅታለች፣ ወገቧን ይዛ ታስተምረኛለች፤ ስኳሩ ይሄ፣ ቀለሙ ይሄ፣ ይሄ ነጩ ዱቄት ደግሞ የሚያረጋው ነው ትለኛለች። ጄላቲን ይባላል፣ ጆንያው ላይ ተጽፏል። «ከምንድን ነው የሚሠራው?» እላታለሁ፣ ዝም ብዬ፣ ለወሬ ያህል። «ከቆዳና ከአጥንት» አለችኝ፣ ሰዓት ስንት ነው ብዬ የጠየቅኳት ይመስል። «የምን ቆዳ?» «የእንስሳ ነዋ። ቀቅለው ቀቅለው ነው የሚያወጡት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳታውቅ ነው እዚህ ቤት የምትሠራው?» እጄ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ሁሉም ውስጥ አለ?» «ሲያኝኩት የሚለጠጥ ሁሉ ውስጥ አለ።» የትኛው እንስሳ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ መልሱን ፈርቼ። ያን ቀን ድስቱን ሳማስል እናቴ ሹካዋን ይዛ ታየችኝ፣ ሁለት መቶ ማታ፣ አንድ በአንድ፣ ሥጋዬን ልብላ እያለች፣ እየቀለደች። ቀልዷ እውነት ነበር።

ቆይ፣ አላለቀም። አለማወቅማ ይቅር ይባላል። እኔ ካወቅኩ በኋላ ሁለተኛ ካርቶን ልኬያለሁ። ይሄን እህቴም አታውቅም። «አለቀብኝ እኮ፣ ማታ ማታ ለምጄው አፌ ባዶ ሆነ፣ ላክልኝ ሆዴ» አለችኝ፣ ምን ብዬ ልከልክላት? ፋብሪካው አቁሟል ልበላት አሰብኩ፣ ደግሞ ፋብሪካው ቆመ ካልኳት ሥራ ፈታ ብላ ታለቅሳለች። እውነቱን ብነግራት ስለቷ ፈረሰ። ዝም ብዬ ብልክስ? አታውቅም፣ ትስቃለች፣ ትደሰታለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ላክኩ። ካርቶኑን ያሸግኩት እኔ ነኝ፣ ካርቶን አጣፊ ነበርኩ አይደል፣ አሽጌ አሽጌ ሦስት ዙር ፕላስተር አዞርኩበት፣ እውነቱ ሾልኮ እንዳይወጣ ይመስል።

እሺ። ይሄ ግን ትንሹ ነው። ይሄን ትንሹን እያገላበጥኩ እዚህ የምንከባለለው ትልቁን ላለመንካት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጅ አይደለሁም። ትልቁ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ከሹራቡ ስር። ወረቀቴ ወጥቷል። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ወጥቶ መግባት የሚያስችል፣ ስሜ በትክክል የተጻፈበት። ስድስት ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ነው የወጣው፤ ስንት ጊዜ ቁጥር ቆርጬ ተቀምጫለሁ፣ ቁጥሬ ሲደርስ ሌላ መስኮት ሂድ ይሉኛል፣ ሌላው መስኮት ሄጄ እንደገና ቁጥር፣ ስትደውል ማሽን ያነሳዋል፣ ሦስትን ተጫን፣ አምስትን ተጫን፣ መስመሩ ይዘጋል። «ወረቀቱስ?» ትለኛለች በየሳምንቱ። «ገና ነው እማ።» ያኔ እውነቴን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ፖስታው በበሩ ስር ገብቶ አገኘሁት፣ ቆሜ አነበብኩት፣ አጣጥፌ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በሳምንቱ «ወረቀቱስ?» አለችኝ። «ገና ነው እማ» አልኳት፣ ምላሴ ስለለመደው ነው መሰለኝ። ይኸው ዓመት ከአራት ወሩ። የመጀመሪያው ካርቶን እንኳ የሄደው ወረቀቱ ከወጣ አራት ወር ቆይቶ ነው።

ለምን? መጀመሪያ ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ አልኩ፣ ከዚያ ብርዱ ይለፍ አልኩ፣ ከዚያ ሙቀቱ። እናት ደጅ ቆማ የምትጠብቀው ሰው ቅሌን ጨርቄን ሳይል ነበር መሄድ ያለበት! እውነቱን ልናገር፣ ሰሚ የለም። ብቻዬን መሆን ጣመኝ። እዚህ ማንም ልጄ አይለኝም፣ ማንም ከሳህ ጠቆርክ አይለኝም፣ ብተኛ ብነሳ፣ ብበላ ባልበላ፣ የሚጠይቀኝ የለም፤ መጀመሪያ ይሄ ሊገድለኝ ነበር፣ ለመድኩት፣ ከዚያ ወደድኩት። ከሄድኩ ደግሞ አያታለሁ። ያረጀችውን አያታለሁ፣ የከሳችውን። ለኔ ብላ የከሳችውን ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ ፊቷን ከማየት ስኳር ነው ብሎ መማል ቀለለኝ። አሳፋሪ ነው። አንድ ሰው ለኔ ብሎ ሰባት ዓመት የሚወደውን ነገር አልነካም፣ እኔ ለሷ ብዬ አንድ መሳቢያ አልከፈትኩም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ጋደም እንዳልኩ አንድ ሐሳብ ከየት መጣ ሳልለው ቁጭ አደረገኝ። እነግራታለሁ! የከረሜላውን። ስለቱ ዓመት ሙሉ ፈርሶ ከኖረ አሁን ምን ትጠብቃለች? የፈረሰ ስለት አያስርም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ፣ እሷ ጉበቷን ትበላለች፣ ደሟ ይመለሳል፣ ደረጃውን በደህና ትወጣለች፤ እኔም መሳቢያውን ሳልከፍት ነገሩ ያልቃል። እንዴት ያለ ብልህ ነኝ! ቁጥሯን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ደወልኩ። ከደስታ ነው ብዬ ነው።

«አቤት አባቴ!» አለች። ድምጿ ቀጥኗል። ወደቅሽ ወይ አልኳት፣ «ማን ነገረህ? እሷ አፏ አያርፍም፣ ተንሸራተትኩ እንጂ አልወደቅኩም» አለች። «እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ እንዳትደነግጪ። የላክኩልሽ ከረሜላ የሥጋ ዘር አለበት።» ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ዱቄት እንዳለ፣ እሱ እንደሚያረጋው፣ እኔም እንዳላወቅኩ ነገርኳት፤ ሁለተኛውን ካርቶን ዘለልኩት። «እንቁላሉም?» አለች። «እንቁላሉም።» «ዳቦውስ? ዳቦ እኮ ነው!» «ዳቦውም እማ።» «በስመ አብ!» አለች። ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስለቱ አንዴ ፈርሷል፣ ከእንግዲህ የሚያስርሽ የለም፣ ዛሬውኑ ጉበት ይገዛልሽ፣ አልኩ፣ አልኩ። አልሰማችኝም። «የመጀመሪያው መቼ ነው የመጣልኝ?» አለች። «አምና ነው፣ ወሩ ምን ያደርግልሻል?» «ንገረኛ!» ነገርኳት። ስትቆጥር ይሰማኛል፣ በጣቷ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

«ለካ እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ እማ?»

«ያስቀረሁህ። ስድስት ዓመት ጠብቄ ጠብቄ፣ ልትመጣ ስትል ባፌ አበላሸሁት። ወረቀቱ እምቢ ያለህ ለዚህ ነው። አየህ፣ ለጣፋጭ ብዬ! እኔን አፈር ይብላኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለከረሜላ ብዬ ልጄን አስቀረሁት።» አለቀሰች። እማ ተይ፣ እማ ተይ እላለሁ። አፍንጫዋን ጠረገች። «ግድ የለም፣ አታልቅስ» አለችኝ፣ እኔን! «አንተ ምን አጠፋህ? ወረቀት የተከለከለ ሰው ምን ያደርጋል? ከዛሬ ጀምሮ እንደ አዲስ እይዛለሁ። ሰባትም ይሁን አሥር ዓመት፣ አሁን ግን ከረሜላም አልነካ። ያኔ ትመጣለህ።»

አሥር ዓመት። ደም አንሷት፣ ደረጃ እያንሸራተታት፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እያለች። እንዴት አድርጌ ዝም ልበል? አፌ ራሱ ነው የተናገረው፣ እኔ እንጃ።

«እማ፣ ወረቀቱ ወጥቷል።»

«ምን?» አለች። «ምን አልክ? ወጣ? እልልልልል!» ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። «ነይ! ኧረ ነይ፣ ወጣለት!» እያለች እህቴን ትጠራለች፣ የሆነ ነገር ወደቀ፣ ወንበር መሰለኝ፣ «እልልል! መቼ ወጣ የኔ ጌታ? ዛሬ ነው? ዛሬ ነው አይደል የወጣው?»

እልልታው እስኪያልቅ ብጠብቅ ይሻል ነበር፣ አልጠበቅኩም። «አምና ነው እማ። የመጀመሪያው ካርቶን ሳይመጣልሽ በፊት ነው። አንቺ አይደለሽም ያስቀረሽኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ፣ ደቂቃው ይቆጥራል።

«እና ማን ከለከለህ?» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለማወቅ ያህል።

ሹሙን አሰብኩ፣ ፈረቃውን አሰብኩ፣ ብርዱን አሰብኩ። «ማንም» አልኳት።

«አሃ» አለች።

ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ሳትዘጋው የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። የእህቴ እግር ሲገባ ሰማሁ፣ «ምን ሆነ? መቼ ይመጣል?» ስትል ሰማሁ። እናቴ አልቆጣችም፣ ድምጿ ደህና ነው፣ እንደ ማንኛውም ቀን ነው።

«ነጠላሽን ልበሺና ሂጂ» አለቻት። «ያንን ሐኪሙ ያለውን ጉበት ገዝተሽልኝ ነይ። ዛሬ እበላለሁ።»